በሰው ዐይን የሚለካ ጉድለት

የሰው ጉድለት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሆድ የሚናገረው፥ ሁለተኛው ዐይን የሚናገረው ነው። የተራበ ሆድ እንጀራ ሲያገኝ ዝም ይላል፤ የበረደው ጀርባ ጋቢ ሲደረብለት ይሞቃል፤ የታመመም ሰው መድኃኒት አግኝቶ ሲድን ጉድለቱ ይሞላል። ዐይን የሚናገረው ጉድለት ግን እንደዚህ አይደለም። እርሱ የሚነሣው የያዝነው ነገር ስላነሰን ሳይሆን ሌላው ሰው ከያዘው ጋር ስላስተያየነው ነው። ስለዚህ አንዱን ሲሞሉት ሌላው ይጎድላል። ትናንት ያማረን ነገር ዛሬ እጃችን ሲገባ፥ ነገ ጎረቤታችን ከእርሱ የበለጠ ይዞ ይመጣና የእኛው በገዛ ዐይናችን ያንስብናል።

እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለማንኛውም ሰው የሚጠቅም ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ ለተማሪ ያስፈልጋል። ምክንያቱም ተማሪ ገና የራሱ ገቢ የሌለው፥ በሌላ ሰው ድካም የሚማር፥ በዕድሜውም የጓደኞቹን ዐይን አብልጦ የሚፈራ ሰው ነው። ዐይኑ የጠየቀውን ሁሉ ሊከፍል ቢነሣ የሚከፍለው ከራሱ ኪስ አይደለም። ከማን ኪስ እንደሚከፍል ግን ብዙ ጊዜ አያስበውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ማሳሰብ ነው።

ነገሩን በምናውቀው አገር እንመልከተው። በወገራ፥ በዳባት፥ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋ የሚኖር ገበሬ፥ ልጁ ከፍ ወዳለው ክፍል ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ከመንደሩ ይርቃልና፥ ስንቅ አሲዞ ወደ ወረዳው ከተማ ወይም ወደ ጎንደር ይሰደዋል። ልጆቹም ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ከቤት የመጣውን እንጀራ እስከ ሳምንቱ እኩሌታ ያደርሱታል፤ ከዚያ በኋላ ድርቆሹን አርሰው፥ በሶውን በጥብጠው እስከ ቅዳሜ ይቆያሉ። ደጋው የሚያበቅለው ገብስና ስንዴ፥ ባቄላና ድንች ነው፤ የሚያረባውም በግ ነው። ስለዚህ ለተማሪ የተላከ ገንዘብ ሁሉ ከመላኩ በፊት ሌላ ነገር ነበረ። የቤት ኪራዩ በግ ነበረ፤ ደብተሩ ጥቂት ቁና ገብስ ነበረ፤ ዩኒፎርሙ ለዘር ከተቀመጠው ላይ የተቀነሰ ባቄላ ነበረ።

ይህ ተማሪ ወደ ከተማ ሲገባ የሚያጋጥመው ሌላ ዓለም ነው። በፒያሳ መንገድ ላይ በመስታወት ውስጥ የተደረደረ ጫማ፥ ቦርሳና ሰዓት ያያል፤ ወደ ክፍል ሲገባም ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ አዲስ ስልክ ይዞ ያገኘዋል። ትናንት በመንደሩ ሳለ ይኸው ልጅ ራሱን ድሀ ነኝ ብሎ አያውቅም ነበር። በአንድ ሌሊት ከእጁ የተወሰደበት ነገር የለም። በአንድ ሌሊት ድሀ ሆኖ የተገኘው፥ ራሱን የሚያስተያየው ሰው ስለ ተለወጠ ብቻ ነው።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር በጎንደር ተከራይቼ እኖር ነበር። አባቴ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለው መንደራችን ዐርብ አህያ ጭነው ይነሡና መንገድ አድረው ቅዳሜ ገበያ ይደርሱ ነበር። በዚያ ዓመት በክፍላችን ነጭ የሸራ ጫማ የማድረግ ነገር ተነሥቶ ነበርና፥ እኔም ለመጽሐፍ መግዣ ብዬ ከአባቴ ባስመጣሁት ገንዘብ ጫማውን ገዛሁ። መጽሐፉ ሳይገዛ ስለ ቀረም ሌላ ምክንያት ፈጥሬ እንደገና ገንዘብ ጠየቅሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሦስት የክፍል ጓደኞቼ ጋር በገበያው ዳር ስናልፍ አባቴን አየኋቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፥ በእግራቸው በረባሶ አድርገው፥ በድንች ጆንያ አጠገብ ቆመው ከአንዲት ሴት ጋር ዋጋ ይነጋገሩ ነበር። ቀና ሲሉ ዐይን ለዐይን ተገናኘን። እኔም ፊቴን መለስሁና የማላውቃቸው መስዬ አለፍሁ። አባቴ አልጠሩኝም። ማታ ወደ ቤት ስገባ አከራያችን፥ «አባትህ መጥተው ነበር፤ ብዙም አልቆዩም» ብለው ግማሽ ጆንያ ድንችና በጨርቅ የተቋጠረ ገንዘብ ሰጡኝ። ስፈታው ከጠየቅሁት ጥቂት ይበልጥ ነበር።

የዚያን ሌሊት የተሰማኝን ለመናገር አልሞክርም። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ዓመት ያሰብሁበት ጥያቄ ይህ ነው። አባቴን እንድክድ ያደረገኝ ምን ነበር? ረኃብ አልነበረም፤ ብርድም አልነበረም። አሮጌው ጫማዬ እንኳ ገና አልተቀደደም ነበር። አባቴን የካድኋቸው ሦስት ልጆች ይንቁኛል ብዬ ስለ ፈራሁ ነው። ከሦስቱም አንዱ እንኳ ስለ ገበሬ ልጅነት ክፉ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

የሰውን የኑሮ ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህ ነገር የአንድ ሰው ድክመት ብቻ እንዳልሆነ አስረድተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ወታደሮች ላይ የተደረገ ሰፊ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1949 ታትሞ ነበር። በዚያ እንደ ተገለጸው፥ ሹመት ቶሎ ቶሎ በሚገኝበት በአየር ክፍል ያሉት ወታደሮች፥ ሹመት ቶሎ በማይገኝበት በወታደራዊ ፖሊስ ካሉት ይልቅ ስለ ሹመቱ አሰጣጥ ያማርሩ ነበር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በአየር ክፍል ያልተሾመው ወታደር በዙሪያው ብዙ የተሾሙ ጓደኞች ያያል፤ በወታደራዊ ፖሊስ ያለው ግን አብዛኛው ጓደኛው እንደ እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ፥ ሰው ስለ ራሱ ለመፍረድ ሌላ መለኪያ ሲያጣ በሚመስሉት ሰዎች ራሱን እንደሚለካ ጻፈ። የንጉሥ ወርቅ የገበሬን ልጅ ብዙም አያስቀናውም፤ የሚያስቀናው በአንድ ወንበር አብሮት የሚቀመጠው ልጅ ጫማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሐድሊ ካንትሪል የተባለ ተመራማሪ የብዙ አገር ሰዎችን የጠየቀበትን መጽሐፍ አሳተመ። የጠየቀበትም መንገድ ቀላል ነበር። ሰውየው መሰላል እንዲያስብ ይነገረዋል፤ ከላይ ለእርሱ ከሁሉ የተሻለው ኑሮ፥ ከታች ከሁሉ የከፋው ኑሮ አለ፤ አንተ ዛሬ በስንተኛው እርከን ላይ ነህ? ይባላል። በዚህ መሰላል እስከ ዛሬ የዓለም ሕዝብ ይጠየቅበታል። ልብ ማለት የሚገባን ግን መሰላሉን የሚያቆመው ተጠያቂው ራሱ መሆኑን ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ስሜን ተራራ የወጣ ሰው እንደሚያውቀው፥ ይህ የመጨረሻው ነው ያሉት ጫፍ ላይ ሲደርሱ ከበስተኋላው ሌላ ጫፍ ብቅ ይላል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ቢልም መጨረሻ አለው፤ ዐይን የሚሠራው መሰላል ግን መጨረሻ የለውም። ሪቻርድ ኢስተርሊን የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1974 ባቀረበው ጥናት፥ በአሜሪካ ከጦርነቱ በኋላ የሕዝቡ ገቢ በየጊዜው ሲጨምር ደስተኛ ነኝ የሚለው ሰው ብዛት ግን በዚያው ልክ እንዳልጨመረ አሳየ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ገንዘብ ደስታን ይጨምራል ብለው ተከራክረውታል፤ ክርክሩም አላለቀም። ነገር ግን የተራበ ሰው ሲጠግብ ኑሮው እንደሚሻለው ከሁለቱም ወገን የሚክድ የለም።

ይህንን የመጨረሻውን ቃል አጥብቀን እንያዘው። አንዳንድ ሰው የዐይንን ጉድለት ሲነቅፍ የሆድንም ጉድለት አብሮ ይንቃል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው፥ የጤና መኮንኖችና ነርሶች ሠልጥነው በየገጠሩ ያለውን ሕመም እንዲዋጉ ነው። በኋላ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ፥ ቤት ለቤት እየተዞረ ማን እንደ ተወለደ፥ ማን እንደ ሞተ፥ ማን ከአገር እንደ ወጣ ሲመዘገብ ኖሯል። የሆድ ጉድለት እንዲህ የሚቈጠርና የሚታከም ነው። እንደዚሁም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ያለ ትምህርት ቀርተዋል። ለእነዚህ ልጆች ስለ ጫማ ምኞት ምክር መስጠት ስድብ ነው። የሚያስፈልጋቸው ሰላምና መምህር ነው።

አንተ ወጣት አንባቢዬ፥ እዚህ ላይ እንዲህ ብለህ ልትከራከረኝ ትችላለህ። «ሰው የሰውን ዐይን ፈጽሞ ካልፈራ ንጽሕናም ጨዋነትም ይጠፋል። በተቀደደ ልብስ ሰው ፊት መቅረብ እኮ ያሳፍራል።» እውነት ነው። የስኮትላንዱ ሊቅ አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ተመልክቶት ነበር። የጥንት ሰዎች የተልባ እግር ሸሚዝ ሳይኖራቸው በደኅና ይኖሩ ነበር፤ በእርሱ ዘመን ግን የቀን ሠራተኛው እንኳ ያለዚያ ሸሚዝ በአደባባይ ለመታየት ያፍር ነበርና፥ ሸሚዙ ከሚያስፈልጉ ነገሮች ይቈጠራል አለ። ስለዚህ ሳያፍሩ ከሰው መካከል ለመቀመጥ የሚያስፈልገው ነገር የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

ግን ከዚህ አንድ ጥያቄ ይወለዳል። ላለማፈር የሚከፈለውን ዋጋ የሚወስነው ማን ነው? ሕግ አልወሰነውም፤ መምህርም አልወሰነውም። የምንወስነው እኛው ተያይተን ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ልጆች ነጭ ጫማ ቢያደርጉና ያላደረገውን ዝቅ አድርገው ቢያዩት፥ በዚያ ክፍል ላለማፈር የሚከፈለው ዋጋ ከፍ ይላል። ያለው ልጅ ከትርፉ ይከፍለዋል። የሌለው ልጅም ይከፍለዋል፤ የእርሱ ግን ከወገራ በግ ሆኖ ይመጣል። እንግዲህ የሰው ዐይን ግብር ያስከፍላል ማለት ነው። ግብሩንም የሚከፍለው ብዙ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የሌለ፥ ስለ ጫማው ያልሰማ፥ ገበያ ዳር በረባሶ አድርጎ የቆመ ሰው ነው። ይህ ከሆነ፥ ልታይ ብሎ መግዛት በራስ ገንዘብ ብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ በሌላው ቤት ላይ የሚጣል ዕዳ ነው። ሀብታሙ ተማሪ፥ «የአባቴን ገንዘብ ባጠፋ ማን ምን አገባው?» ቢል፥ መልሱ ይህ ነው።

ልብስ የሰውን ማዕርግ መናገሩ በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ካባና ለምድ ከንጉሥ የሚሰጥ የክብር ልብስ ነበር፤ ሰውም በበላዩ ፊት ሲቀርብ ሸማውን አደግድጎ ነበር። ያ ሥርዓት ድሀውን ከቦታው እንዳይነሣ ያሰረ ስለ ሆነ እንዲመለስ የምንመኘው አይደለም። ሆኖም የዚያ ዘመን ምልክት ለዕድሜ ልክ ይቆይ ነበር። የዛሬው ምልክት ግን ገንዘብ ላለው ሁሉ ይሸጣል፤ ሁሉም የገዛው ምልክት ደግሞ ምልክትነቱ ይቀርና በዓመቱ ሌላ መግዛት ግድ ይሆናል። ነጋዴው ይህንን ያውቃል። ተማሪው ግን የገዛው ጫማ ሳያልቅ ለምን እንዳረጀበት አያውቅም።

ጎንደር ሌላም ዓይነት ተማሪ ታውቃለች። በበዓታ አቋቋም ለመማር፥ በሌላውም ደብር ቅኔና ትርጓሜ ለመማር፥ ከሩቅ አገር የመጣው የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ቁራሽ እየለመነ በትንሽ ጎጆ ይኖር ነበር። ረኃቡን፥ የውሻውን ንክሻና የቆዳውን በሽታ አላመሰግንም፤ ከዚያ ኑሮ የተነሣ ሳይማሩ የሞቱ ብዙዎች ናቸው። ልብ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ተማሪ ይራብ ነበር እንጂ በደበሎው አያፍርም ነበር። ጓደኛውም ደበሎ ለባሽ ነው፤ ባለቤቲቱም ቁራሽ ስትሰጠው ስለ ትምህርቱ ታከብረዋለች። በእነርሱም መካከል መበላለጥ ነበረ፤ ግን የሚበላለጡት በቅኔና በዜማ ስለ ነበር፥ የአንዱ መብለጥ የሌላውን አባት በግ አያሸጥም ነበር። ስለዚህ እፍረት ከልብሱ ውስጥ የለም፤ በሚያየው ሰው ዐይን ውስጥ ነው።

ዛሬ ደግሞ የሰው ዐይን በገበያና በክፍል ብቻ አይቀርም፤ በስልክ በኩል እስከ መኝታ ድረስ ይገባል። በእኔ ጊዜ ራሴን የማስተያየው ከአርባና ከሃምሳ ልጆች ጋር ነበር። የዛሬው ተማሪ ግን በቲክቶክና በፌስቡክ የአዲስ አበባን፥ የዱባይንና የዋሽንግተንን ሰው ያያል፤ ያውም የሚያየው እነዚያ ሰዎች ይታይልን ብለው የመረጡትን ሰዓት ብቻ ነው። ስልክ ክፉ ነው አልልም፤ የሩቅ እናትን ድምፅ ያሰማል፥ መጽሐፍም ያስነብባል። ነገር ግን የራስን ሙሉ ቀን ከሰው የተመረጠ ሰዓት ጋር ማስተያየት ሚዛኑን ያጎበጠ ነጋዴ እንደሚያደርገው ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት አባቶቻችን የተዋሱትን ጌጥ ነበር፤ ዛሬ ግን በማየት ብቻ የምንዋሰው ወርቅ በዝቷል።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? በመጀመሪያ መድኃኒት ያልሆነውን ልንገርህ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ሞድ ትርኢት በቀረበ ጊዜ፥ ተማሪዎች የባዕድ ኑሮ መኮረጅ ነው ብለው ተቃወሙ። ገበሬው በድህነት ሳለ ስለ አጭር ቀሚስ ትርኢት ማቅረብ አይገባም የሚለው ሐሳባቸው ሊደመጥ የሚገባው ነበር። ነገር ግን ተቃውሞው ረብሻ ሆነና ቁጣው ለትርኢቱ በመጡት ሰዎች ላይ ወረደ። የሰው ዐይን ያመጣውን በሽታ ሌላውን በክፉ ዐይን በማየት ማዳን አይቻልም። የጓደኛን ልብስ የሚቈጣጠር ሰው፥ በመናቅም ይሁን በመገሠጽ፥ ያንኑ ግብር ያስከፍላል።

ስለዚህ ምርመራው ከራስ ይጀምር። በዚህ ዓመት ከገዛሃቸው ነገሮች ሦስቱን በወረቀት ላይ ጻፍ። በእያንዳንዱ አንጻር፥ «ይህንን ማንም የማያየው ቢሆን እገዛው ነበርን?» ብለህ መልስ። ቀጥለህም፥ «ይህ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ምን ነበረ?» ብለህ ጻፍ። አንቺም እኅቴ እንዲሁ አድርጊ። ወረቀቱን ለማንም አታሳዩ። ካላችሁ ወገን ከሆናችሁ ደግሞ ሦስተኛ ጥያቄ ጨምሩ፤ «የእኔን አይቶ ለመግዛት የተገደደ ማን ነው?» ይህ ወረቀት ዋጋ የሚኖረው የፍላጎትን ብዛት ስለሚቀንስ አይደለም፤ የገዛ ምኞታችንን ከተዋስነው ምኞት ስለሚለይልን ነው።

የጀመርሁትን ታሪክ ልጨርስ። በሚመጣው ወር አባቴ ገበያ የሚወርዱበትን ቅዳሜ ቈጥሬ፥ ማልጄ ሄጄ ጠበቅኋቸው። ጆንያውን ከአህያው ሳወርድ ስለ ጫማውም ስለ መጽሐፉም ነገርኋቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም አሉና፥ «ድንቹ ዘንድሮ ደኅና ነው» አሉኝ። ወዲያው ከሦስቱ ጓደኞቼ አንዱ ከሩቅ አይቶኝ መጣ፤ ልቤ ደነገጠ። እርሱ ግን አባቴን ጐንበስ ብሎ እጅ ከነሣ በኋላ የጆንያውን ሌላ ጫፍ ያዘ። እናቱ ከዚያው ገበያ ማዶ ሽንኩርት ይቸረችሩ እንደ ነበር ያን ቀን አወቅሁ። ያን ዓመት ሙሉ እርሱም የእኔን ዐይን ፈርቶ በዚያ በኩል አላልፍም ይል ኖሯል።

ሁለታችን አንዳችን ለአንዳችን ስንከፍል የኖርነውን ግብር ማንም አልተቀበለውም፤ ማንንም አልጠቀመም። እንግዲህ አንባቢዬ፥ ቅዳሜ ሲሆን ወደ ገበያ ውረድ። የአባትህን ጆንያ ያዝ። የጓደኛህንም አባት ስታይ ጐንበስ ብለህ እጅ ንሣ።